የአንለይ አፍ

ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ደግሞ እግርህን ሰብስብ፤ የተረት ሰዎች በመካከላችን ሲያልፉ እንዳትጠልፋቸው።

ከብዙ ዘመን በፊት፣ ስሙን አያቴም በማታውቀው አገር፣ አንድ ወንዝ ነበረ። ወንዝ ሁሉ ይጮኻል፤ የዚህኛው ጩኸት ግን ለጉድ ነው። ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ሲወርድ፣ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች ይተያያሉ እንጂ አይደማመጡም። አንዱ «በሬህ ማሳዬ ገብቷል!» ብሎ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ቢጣራ፣ ሌላው «ይመስገነው፣ ደህና ነን!» ብሎ ይመልስለታል።

በወዲያ ማዶ አንለይ የሚባል ንብ አናቢ ይኖር ነበር። እናትና አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተውበታል። ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው ሰምቶ አያውቅም፤ አንደበቱም ቃል አያወጣም። አገሩ «ዱዳው» እያለ ይጠራዋል። እኔ እንደዚያ አልጠራውም፤ እናንተም በእኔ ፊት እንዳትሉት። በሥራው እንደሆነ የሚስተካከለው አልነበረም። ከረጅም ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅል ንቡ ዙሪያውን ይዞረዋል እንጂ አይነድፈውም፤ የሱን ማር የቀመሰ ሰው የሌላውን ማር ማር አይለውም።

በወዲህ ማዶ ደግሞ ጓንጉል የሚባል ገበሬ እንጉዳይ የምትባል አንድ ልጅ ነበረችው። ማሽላው ሲያሸት እንጉዳይ ማማ ላይ ትወጣና በወንጭፍ ወፍ ትጠብቃለች። አንለይም በበኩሉ ትንሽ ማሽላ ነበረችው፤ እሱም ከማዶ ማማው ላይ ነው። መጮህ ስለማይሆንለት ሁለት እጁን እያወናጨፈ ወፍ ያባርራል። አንድ ቀን እንጉዳይ እያየችው ሳቀች። እሱም ሳቋን አየ። ሳቅ እኮ ለማየትም ነው።

በማግስቱ አንለይ እጁን ወደ አፉ ወሰደና ሆዱን መታ መታ አደረገ፤ «ምሳ በልተሻል?» ማለቱ ነው። እሷም ባዶ መዳፏን ዘርግታ አሳየችው። ከዚያ ወዲያ ቀን በቀን አንድ አንድ ነገር እየጨመሩ ሄዱ። ዝናቡን፣ ዝንጀሮውን፣ የቄሱን አረማመድ፣ የሆድን ብሶት፣ ሁሉንም በእጅ አደረጉት። ሦስተኛው አዝመራ ሲደርስ፣ አፍ ያለው አገር ሁሉ እየተጣራ የማይሰማማበትን ወንዝ እነሱ ሁለቱ በእጃቸው እየተሻገሩ የሰፈሩን ሰው ቁጭ ብለው ያሙት ነበር።

አንለይ ወደዳት። እንዴት አይወዳት? ከተወለደ ጀምሮ «ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው እሷ ብቻ ነበረች። እሷም ወደደችው። ወሬው ያስቃታል፣ ሲያዝንም ሐዘኑን አይደብቃትም።

ግን ነገሩን ለማንም አልተናገረችም። ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ቆማ ከታየች የሚባለውን ታውቃላችሁ፤ ከወንድ ጋር የራሷ ቋንቋ ያላት ልጅማ ምን ልትባል ነው? «የት ተማረችው? ማን አስተማራት?» ነው የሚሉት። ስለዚህ እናቷ «ምንድነው ይሄ እጅሽን ማወራጨት?» ስትላት፣ «ወፉ አስቸገረኝ እኮ፣ እማዬ» ትላለች።

አሁን ወደ ሦስተኛው ሰው እንሂድ። በአንለይ ማዶ አያ ቦጋለ የሚባል ምላሰኛ ነበረ፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሙግት ከሸተተው ከእንቅልፉ የሚነሣ። አንድ ቀን አንለይ እየሮጠ ሕዝብ ወደተሰበሰበበት መጣና ጣቶቹን እንደ ጥፍር አጥፎ፣ ጥርሱን አግጥጦ ወደ ጫካው አመለከተ። ይሄንን ሕፃንም ያውቀዋል። አያ ቦጋለ ግን ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለና «ነብር ነው የሚለው!» አለ። ሄደው ሲያዩ እውነትም ነብር።

በቃ! ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ቦጋለ የአንለይ አፍ ሆነ። አንለይ እጁን ባነሣ ቁጥር ሰዉ «ምን ይላል?» ይላል። አያ ቦጋለም ኩታውን ወደ ትከሻው መለስ አድርጎ፣ «ተዉት ለእኔ! የሱን ነገር የማውቅ እኔ ነኝ» ይላል።

አንለይ ጥርሱን አሞት ጉንጩን ይዞ መጣ።

«ምን ይላል?»

«ተዉት ለእኔ! የሱን ነገር የማውቅ እኔ ነኝ። ማሬ ጣፋጭ ነው፣ ለአያ ቦጋለ አንድ ቅል ልስጠው ነው የሚለው።»

ቅሉን ወሰደ። ሲሳሳት ማን ያርመዋል? አንለይ እንዳይከሰው በምን አፉ? አፉ ራሱ አያ ቦጋለ ነው።

ጥጋቡ እንዲህ እያለ ሲቀጥል፣ አንለይና እንጉዳይ ለመጋባት ተማከሩ። በአገሩ ወግ ልጅ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ደግሞ በአፉ ነው የሚጠይቀው። አንለይ ወላጅ የለው፣ አጎት የለው። ያለው አፍ አንድ ነው። እንጉዳይ ከማዶ «ይሄን ሰውዬ አልወደውም» አለችው በእጇ። አንለይ «እኔም አልወደውም፤ ግን ሌላ ማን አለኝ?» አላት።

ከቤቱ ያለውን ምርጥ ማር በሁለት ትልልቅ እንስራ ሞላና ወደ አያ ቦጋለ ሄደ። ወደ ጓንጉል ቤት አመለከተ፣ ራሱን እንደ ሙሽራ ሸፈነ፣ ደረቱን መታ፣ ማሩን አሳየ። አያ ቦጋለ ያን ዕለት ምንም አልጠፋውም። በዕድሜው የአንለይን ነገር በትክክል የተረዳው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ የነብሩ ነው፣ ሌላው ይሄ። ራሱን ነቀነቀ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አንለይም ደስ ብሎት እጁን ስሞ ሄደ።

በነጋታው አያ ቦጋለ ከሩቅ ቀበሌ ሁለት ሽማግሌ ይዞ፣ ማሩን አሸክሞ፣ ጓንጉል ደጅ ቆመ።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ጓንጉል።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌዎቹ። «ልጅዎን ለዚህ ለአያ ቦጋለ ይስጡልን ብለን ነው።»

ጓንጉል ማሩን ቀመሰ። «ይሄ የዱዳው ማር አይደለም እንዴ?»

«የሱ አፍ እኔ አይደለሁ?» አለ አያ ቦጋለ። «ሚስት ላገባ ነው ስለው ደስ ብሎት እንኩ አለኝ።»

ጓንጉል ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ከአዋቂ ጋር መዛመድ የሚወድ፣ ሸንጎ ላይ አፍ ያለው አማች የሚመኝ ሰው ነበር። ማሩን ተቀበለ። ሠርጉ ለመጪው ጥር ሆነ።

እንጉዳይ ይሄን ስትሰማ እየሮጠች ወንዙ ዳር ወረደችና ለአንለይ ነገረችው። አንለይ ያን ቀን ወንዙን በደረቱ ገፍቶ ተሻገረ። አያ ቦጋለ እዚያው ጓንጉል ቤት ተቀምጦ ሲጠጣ ደረሰ። አንለይ እንስራውን አመለከተ፣ ደረቱን መታ፣ እንጉዳይ ወዳለችበት ጓዳ አመለከተ፣ እንደገና ደረቱን መታ፤ እንባው ይወርዳል።

«ምን ይላል?» አለ ጓንጉል።

«ተዉት ለእኔ! የሱን ነገር የማውቅ እኔ ነኝ። እንኳን ደስ አላችሁ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ምን ያስለቅሰዋል?»

«የደስታ ነዋ!»

እንጉዳይ ከጓዳ ወጣች። «ውሸት ነው አባባ! ‹ማሩ የእኔ ነው፣ ሽማግሌው የእኔ ነበር፣ እንጉዳይን ለእኔ ስጡኝ› ነው የሚለው።»

«አንቺስ በምን አወቅሽ?» አለ ጓንጉል።

እዚህ ላይ እንጉዳይ እውነቱን ተናገረች። ከማማ ማማ ሦስት አዝመራ ሙሉ እንደተነጋገሩ፣ እንደምትወደው፣ ከሱ ሌላ እንደማትፈልግ። እናቷ ፊቷን ሸፈነች። ጓንጉል የልጁን ንግግር ሰማ፤ ግን እውነት መሆኑን አላሰበም፤ ያሰበው ጎረቤት ሲሰማ ምን እንደሚል ነው። አያ ቦጋለም የሰውየውን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለእኔ ግድ የለም፣ እሸፍንልዎታለሁ። ብቻ ወሬው ሳይወጣ ሠርጉን እናፍጥነው» አለ።

ነውርን የሚሸፍን ሰው ተገኘ ብሎ ጓንጉል አመሰገነ! ጥር ሩቅ ነው ተባለና ሠርጉ ለያዙት ግንቦት መጨረሻ ተቆረጠ። «ደጋው ላይ እኮ ዝናብ ጀምሯል፣ በዚህ ወቅት ሙሽራ ወንዝ አይሻገርም» ያሉ አሮጊቶች ነበሩ። ማን ሰምቷቸው። እንጉዳይንም እስከ ሠርጉ ከቤት እንዳትወጣ አደረጓት። አንለይ በየቀኑ ማማው ላይ ወጥቶ አየ። አንድም ቀን አልመጣችም።

የሠርጉ ቀን ፀሐይዋ ጠራራ ነበረች። ደመና የሚባል የለም። ሙሽራዋን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ በነጭ ኩታ ጀቦኗት፤ ዓይኗ እንኳን አይታይም። በዚያ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ወጥታ የባሏን ደጅ እስክትረግጥ አትናገርም፣ ፊቷንም አትገልጥም። ሚዜው በበቅሎ ከፊቱ አስቀመጣት። ጓንጉል እስከ ወንዙ ድረስ ሊሸኝ ወረደ። ሠርገኛው እየጨፈረ ከወንዙ መሻገሪያ፣ ከመልካው ደረሰ፤ ከፊት የነበሩት ጎረምሶች ተሻግረው ጨረሱ።

አንለይ ያን ሰዓት ከማዶ ካለው ገደል አናት፣ ቀፎ የሚሰቅልበት ዛፍ ላይ ነበር። ወደ ሠርጉ ላለማየት ፊቱን ወደ ወንዙ ራስ አዙሮ ተቀምጧል። ያየውን ያየው ለዚህ ነው። ከላይ፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት፣ ቀይ ግድግዳ ግንድ ተሸክሞ ሲመጣ አየ። ደራሽ ነው፤ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ፣ ቆላው ሳያውቅ በፀሐይ የሚደርስበት ጎርፍ።

ከዛፉ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ቁልቁል ሮጠና ከመልካው አፋፍ ቆሞ ሁለት መዳፉን ወደ ፊት እየገፋ፣ እየገፋ፣ ወደ ላይ እያመለከተ፣ መልሶ እየገፋ «ተመለሱ» አላቸው። እንጉዳይን ብቻ ነበር የሚያያት። ኩታውን ትገልጥ እንደሆነ ብሎ ይጠብቃል። አልገለጠችም።

«ምን ይላል?» አለ ጓንጉል ከወዲህ ዳር።

አያ ቦጋለ በቅሎው ላይ ሆኖ እጁን አወናጨፈ። «ተዉት ለእኔ! የሱን ነገር የማውቅ እኔ ነኝ። እለፉ፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ ነው የሚለው።»

«የሚገፋ ይመስላል እኮ።»

«ቶሎ ቶሎ ተሻገሩ ማለቱ ነዋ!»

አያ ቦጋለ ገባ። የሙሽራዋም በቅሎ ተከተለች። አንለይ ሌላ ቢጠፋው ወንጭፉን ፈታና እንጉዳይ ቀና እንድትል ከበቅሎዋ ፊት ውሃው ላይ ድንጋይ ወረወረ። የተሻገሩት ጎረምሶች «ሙሽራ ሊገድል ነው!» ብለው ተረባረቡበት። ሁለት እጁን ወደ ኋላ ጠፍረው አሰሩት። የሰውየውን አፍ እየዘጉ መሆናቸውን አንዳቸውም አላወቁም።

ያኔ አንለይ ጮኸ። ቃል አልነበረውም፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ግን ከወንዙ በላይ ተሰማ። እንጉዳይ ድምፁን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ማን እንደሆነ ግን አወቀች። ኩታውን ከፊቷ ቀደደችው። አንለይን እጁ ታስሮ አየችው፤ በአገጩ፣ በዓይኑ፣ በራሱ ወደ ላይ ያመለክታታል። አንዴ ወደ ወንዙ ራስ አየች።

«ደራሽ! ተመለሱ! ደራሽ!»

«ሙሽራ ትናገራለች እንዴ!» ብሎ ሚዜው ኩታውን መልሶ ጣለባት። ጓንጉል ዳር ላይ ቆሞ በኀፍረት መሬት መሬት አየ። ቀና ሲል በቅሎ የለም፣ ሚዜ የለም፣ ልጅ የለችም። ቀይ ውሃ ብቻ ይወርዳል።

ውሃ ሲወስድ መርጦ አይወስድም ይላሉ። እኔ እንጃ። አያ ቦጋለን ከሾላ ሥር አጣብቆ በሕይወት ትቶት ሄደ። እንጉዳይን ውሃው ሲጎድል ከታች አሸዋ ላይ አገኟት።

ተቀበረች። ከዚያ ሸንጎ ተቀመጠ። አያ ቦጋለ ገና ልብሱ ሳይደርቅ ከሳሽ ሆኖ ቆመ። «ይሄ ዱዳ በወንጭፍ በቅሎዋን አስደንብሮ ሙሽራዬን ገደለብኝ። ደሟ ይጮኻል፤ ደም በደም ይመለስልኝ!» ሕዝቡም «እውነት ነው፣ ሲወረውር አይተናል» አለ። አንለይን እጁን እንደታሰረ አቀረቡት።

ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ። «ፍቱት። የተከሰሰ ሰው ቃሉን ይሰጣል» አሉ።

ፈቱት። አንለይ ለመናገር እጁን አነሣ። ዛፉን አሳየ፣ ውሃውን አሳየ፣ መዳፉን ገፋ። ከዚያ ወደ መቃብሯ አመለከተና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ምን ይላል?» አሉ ዳኛው።

«ተዉት ለእኔ!» አለ አያ ቦጋለ። «የሱን ነገር የማውቅ እኔ ነኝ። እኔው ነኝ የገደልኳት፣ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ ነው የሚለው።»

ገመድ ሊያመጡ የተነሡ ነበሩ። ያኔ ጓንጉል ከሕዝቡ መሐል ወጣ። በአንድ ጀንበር አርጅቶ ነበር።

«ዳኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቅ።»

«አያ ቦጋለ፣ ይሄ ሰው ለአንተ ሲናገር አይተናል። አንተ ለሱ ስትናገር ግን አንድም ቀን አላየንም። እስቲ ዱላዬ ያውልህ መሬት ላይ። ‹አንሣና ለዳኛው ስጣቸው› በለው።»

አያ ቦጋለ ሳቀ። «ይሄማ ምን አላት!» አለና እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። ዞረ፣ ጣቱን ቆላለፈ፣ ደረቱን መታ፣ ጆሮውን ጎተተ። አንለይ ቁጭ ብሎ አየው። ሕዝቡም አየው። ዱላው ከመሬት አልተነሣም።

«እምቢ ብሎ ነው» አለ አያ ቦጋለ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«እንግዲያው የፈለግኸውን በለው» አሉ ዳኛው። «ቁጭ ያለውን ተነሣ፣ የተጠማውን ጠጣ በለው። አንዲት ነገር ብቻ።»

አያ ቦጋለ እጁን አነሣ። አወረደ። እንደገና አነሣ። ከዚያ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚለው ጠፋው።

«ልጄ ነግራኝ ነበር» አለ ጓንጉል። «ቤቴ ውስጥ፣ በአፏ፣ ቃል በቃል ነግራኝ ነበር። የእሷን እውነት ለጎረቤት ወሬ ብዬ ጣልኩት። ወንዙ ላይም ጮኻ ነገረችን። ይሄን ሰው ስትፈርዱበት እኔንም አትርሱኝ።»

ዳኛው ፈረዱ። አያ ቦጋለ እሳት የሚጭርለት፣ ሰላም የሚለው፣ ነገሩን የሚሰማለት ሰው እንዳይኖር ተወገዘ። ከአገር አገር እየዞረ ያወራ ነበር ይባላል፤ ሲያወራ ሰዉ ተነሥቶ ይሄዳል። አንድ ክረምት ከመንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ፤ ጅቦቹ ናቸው መጀመሪያ ያገኙት።

አንለይስ? ነፃ ነህ አሉት። ግን ነፃ መሆኑን የሚነግረው ማን ነው? ቋንቋውን የምታውቅ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷን ቀብረዋታል። ሕዝቡ ተበተነ። እሱ ፍርዱን ሳያውቅ፣ ገመዱን እየጠበቀ ቁጭ አለ።

ጓንጉል ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌ ሰው ነው፤ እጁ ከማረሻ ሌላ አያውቅም። ምን ብሎ ይጀምር? የልጁን መቃብር አመለከተና ባዶ መዳፉን ዘረጋ፤ «ማን ነበር የምትላት?» ማለቱ ነው።

አንለይ መዳፉን ቅንድቡ ላይ እንደ ጥላ አደረገ፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው። ስሟ ይሄ ነበር።

ጓንጉልም የገዛ ልጁን ስም ግንባሩ ላይ አደረገው፤ አባትየው የዚህን ቋንቋ የመጀመሪያ ቃል የተማረ ያን ቀን ነው፤ የምትሰማው ከሞተች በኋላ።

እንግዲህ ተረቱ አለቀ፤ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የመንገድ ስንቅ ይሁናችሁ። ያ አገር ከዚያ ወዲህ እንዲህ ይላል፦

ጆሮ ለሌለው አፍ ያደረ፣ ልጁን ለወንዝ ዳረ።